ያንን ሳክስፎን ማን ነፋው?

አባቴ ሳክስፎን ነፊ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ሲጫወት፣ ባንዱ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ፣ ግጥም የሌለው ዜማ በሸክላ አስቀረጸ። ባንዱ ሁለት ሳክስፎን ነፊዎች ስለነበሩት ዜማው ሁለቴ ተቀዳ፤ መሃል ላይ ብቻውን የሚወጣውን ሳክስፎን አንዴ አባቴ፣ አንዴ ጓደኛው ነፉት። አሳታሚው አንዱን መርጦ አወጣ። የቱን እንደመረጠ ለማንም አልተናገረም፣ ሸክላው ላይም የተጻፈው የአቀናባሪው ስም ብቻ ነው። አባቴ «የኔው ነው» ይላል፣ ጓደኛውም «የኔው ነው» ይላል። እንደተኳረፉ ቀሩ። እናቴ «እንጀራ ለማይሆን ነገር!» እያለች ትስቅባቸው ነበር። እኔ ግን ለአባቴ ወግኜ ከሰው ስጣላ ነው ያደግኩት።

ዜማው ከዚያ በኋላ ብዙ ዞሯል። አንድ ዘፋኝ ግጥም አበጀለትና ሠርግ ቤት ገባ። በካሴት ዘመን ደግሞ ሳክስፎኑ ቀርቶ በኪቦርድ ተሠራ፤ አባቴ ያንን ሲሰማ ተነስቶ ይወጣል። አሁን የፈረንጅ ባንዶችም ይጫወቱታል። ዱባይ፣ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት ሆቴል፣ ፊሊፒናዊው ፒያኖ ተጫዋች የነሱን ከስልኩ አጠናውና ያችን የአንቺሆዬን ጎርበጥ የምትል ድምፅ ስህተት መስላው አስተካክሎ ተጫወታት። «ወንድሜ፣ እሷን ከነካሃትማ ምን ቀረ!» ብዬ ጮህኩበት። እንግዶቹ ዞረው አዩኝ።

እኛ ቤት የነበረው ሸክላ ቤት ስንቀይር ተሰብሯል፤ ሌላም ፈልገን አላገኘንም። አባቴ ሲያረጅ እርግጠኝነቱ ከዳው። ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት ሄጄ የማን እንደሆነ ስጠይቀው «ምናልባት እሱ ይሆናል» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «አንዴ ብሰማው አውቀዋለሁ፤ ትንፋሼን የት እንደምወስድ አልረሳም» አለ።

ከሥራ ወደ ቤቴ ወደ ሻርጃ ስመለስ፣ መግቢያው ላይ አል ማምዛር ጋ መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡሳችን እንደቆመ ስልኬን ስነካካ፣ አንድ ሰው ከአሮጌ ሸክላ ገልብጦ የጫነውን አገኘሁት። የሚንጫረረው ድምፅ መሃል ነፊው አየር ሲስብ ይሰማል። እዚያው ሆኜ ለወንድሜ ላኩለትና «ለአባዬ ጆሮው ሥር አድርግለት፤ የማን እንደሆነ እሱ ይንገረኝ» አልኩት።

በማግስቱ «ሰምቷል። የኔው ነው ብሏል» ብሎ ጻፈልኝ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ለፒያኖ ተጫዋቹ ነገርኩት። ሻርጃ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን እናቶች አንድ በአንድ እየያዝኩ ነገርኳቸው። ከራሱ አፍ ልስማው ብዬ ስደውል ግን ወንድሜ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል» ይለኛል። ደግሜ ስደውል «ተኝቷል»። «ኧረ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በእረፍቴ ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። የአክስቴ ልጅ ከማዳሟ ፈቃድ ወስዳ ከአጅማን መጥታለች። ከኋላዋ እነዚያ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። መርዶ ነው። እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም፤ ለብቻው ላለ ሰው ደግሞ በጭራሽ። አባቴ የሞተው፣ የተቀበረውም፣ ያንን ቅጂ ሳልልክ በፊት ነበር።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ለወንድሜ ደወልኩ። ስለሕመሙ መጠየቅ ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «የኔው ነው ያለው ማን ነው?» የሚል ነበር።

«እኔው ጻፍኩት እህትዓለም። ሰው እስኪደርስልሽ ምን ልበልሽ?» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

አልተቀየምኩትም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው። ቢሆንም አንጀቴ ተቃጠለ። አባቴ ሳይሰማው ሄደ። ጓደኛው ከሱ ቀድሞ ሞቷል። ትንፋሹን ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ከእንግዲህ የለም።

ከእናቶቹ ትልቋ አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን ያሻሹኛል። «አይዞሽ ልጄ፣ ስሙን የሚያስጠራ ነገር ትቶልሽ ነው የሄደው» አሉ። «ያ የነገርሽን ሳክስፎን የሱ አይደል?»

ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ነኝ ያወራሁላቸው፤ አንዴ አዎ ብል ይበቃ ነበር።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ሐዘኑ አናግሯት ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ።