ሀዋን የወጋት መርፌ

እጅጋየሁ ካርቱም ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ዴም ሰፈር፣ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ሆሽ በሚባል ግቢ ውስጥ፣ ከልጇ ከቤቲ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቀን ቀን ዐማራት ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። ስኳር እንዳለባት የታወቀው በ2006 ዓ.ም. ነበር። ሐኪሙ ኢንሱሊን ሲያዝላት አላለቀሰችም። «እሺ፣ አሳየኝና ልማር» ነው ያለችው።

ተማረችም። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ እጇን በሳሙና ታጥባ ታደርቅና ጣቷን ከጎኑ በኩል ትወጋለች፤ ጫፉን ከወጋችው ሽንኩርት ስትከትፍ ያማታል። የመመርመሪያ ወረቀቶቹን ሙቀቱ እንዳያበላሽባት ከነማሸጊያቸው ከድና ከምድጃው አርቃ ታስቀምጣለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኢንሱሊኗን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እርጥብ ጨርቅ በተጠመጠመበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ታኖረዋለች።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገራትም፤ የተወጋችበትን መርፌ የት እንደምትጥል። ክዳኑን መልሳ ትከድንና ከሽንኩርት ልጣጩ ጋር ፌስታል ውስጥ ትጨምረዋለች።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሀዋ መጣች። ሀዋ ከከተማው ዳር ከማዮ እየተመላለሰች የሆሹን ልብስ የምታጥብና ቆሻሻ የምታወጣ ሴት ናት፤ እጅጋየሁን «ኡም ቤቲ»፣ የቤቲ እናት፣ ነው የምትላት። ፌስታሉን ልታስረው ጨመቅ ስታደርገው ጮኸች። ከመርፌዎቹ የአንዱ ክዳን ወልቆ ኖሮ መርፌው ጣቷ ላይ ተሰክቷል።

እጅጋየሁ ሮጣ ወደ ቧንቧው ወሰደቻትና ጣቷን በሳሙና አጠበችላት። ሀዋ እጇን ነጠቀቻት።

«የማን ደም ነው? ንገሪኝ ኡም ቤቲ፣ የማን ነው?»

«የኔ ነው። የስኳር መርፌዬ ነው።»

«ስኳር ብቻ እንዳለብሽ በምን ልወቅ?»

ሀዋ ቶቧን ተከናንባ ወጥታ ሄደች።

«ማማ፣ ኸላስ፣ ተያት» አለች ቤቲ። «ነገ ረስታው ትመጣለች።»

እጅጋየሁ ግን አልተወችውም። ሕክምናዋን የምትከታተልበት ክሊኒክ ነርስ ለሆነችው ለዘሊካ ደወለች። ዘሊካ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ግን ጠጠር አለ። «ሁለታችሁም ዛሬውኑ ኑ። የመከላከያ መድኃኒት ካስፈለጋት ቶሎ መጀመር አለባት። ለነገ የሚባል አይደለም።»

እጅጋየሁ ከመውጣቷ በፊት ስኳሯን ለካች። ወርዷል። ቤቲ «ያላ ማማ» እያለች ብታጣድፋትም፣ ተምር በልታ፣ ጥቂት ቆይታ፣ እንደገና ለክታ ነው የተነሣችው። መንገድ ላይ ብትወድቅ ለሀዋ ምን ትረባታለች?

ሱቅ ዐረቢ ገበያ ላይ ሚኒባስ ቀይራ፣ አቧራውን እየማገች ማዮ ደረሰች። እየጠየቀች ቤቱን አገኘችው። ሀዋ በሩ ላይ ቆመች እንጂ ግቢ አላለቻትም።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ክሊኒክ አብረን እንሂድ ብዬ። መጀመሪያ የኔን ደም ይመርምሩት። የሚወጣውን ሁለታችንም እንሰማዋለን።»

«አንድ ነገር ካለብሽስ?»

«ካለብኝ ለአንቺ መከላከያ አለ፤ ዛሬ ከጀመርሽው። ያላ፣ ተነሺ እህቴ። ካልተነሣሽ እኔም እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ሀዋ ቶቧን አነሣች።

ክሊኒኩ ውስጥ የሁለቱም ደም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ እጅጋየሁ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስለ ቤቲ አባት አሰበች። ከስቶ ከስቶ ነበር የሞተው። በምን እንደሞተ ጠይቃ አታውቅም፤ ራሷንም ተመርምራ አታውቅም። ሀዋ ፊቷን አየችና ተጠጋቻት።

ዘሊካ እጅጋየሁን ለብቻዋ ጠራቻት። «ከኤች አይ ቪም ከጉበት በሽታም ነጻ ነሽ» አለቻት። «ለሷ ልንገራት ወይስ አንቺ ትነግሪያታለሽ?»

«እኔ።»

ሀዋ ስትሰማ ፊቷን በቶቧ ሸፍና አለቀሰች። ለጥንቃቄ ግን የጉበት በሽታ ክትባት ተሰጣት፤ ለተጨማሪ ምርመራም ተቀጠረች። ከዚያ ዘሊካ ወደ እጅጋየሁ ዞረች። «መርፌውን መልሰሽ አትክደኚው፤ ስትከድኚው ራስሽንም ይወጋሻል። እንደ ጨረስሽ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ጣይው። የጣት መውጊያውንም እንደዚሁ። አፉ ድረስ አትሙዪው። ሊሞላ ሲል ክዳኑን ጠርቅመሽ፣ በፕላስተር አሽገሽ አምጪልን፤ ከኛው መርፌዎች ጋር ይቃጠላል።»

እጅጋየሁ ያንኑ ቀን ባዶ የበረኪና ጄሪካን አጥባ አደረቀች፤ በዐረብኛ «መርፌ ነው፣ አትክፈቱ» ብላ ቤቲን አስጻፈቻትና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።

ሊሞላ ሲል አሽጋ ወሰደችው። የክሊኒኩ ጥበቃ ከበሩ መለሳት፤ «ቆሻሻ አንቀበልም» አላት። በሚቀጥለው ቀንም መለሳት። በሦስተኛው ጄሪካኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «ዘሊካ ሳትመጣ አልነቃነቅም» አለችው። ሰው ሁሉ እያያት አለፈ። ዘሊካ መጥታ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ወዲህ የመለሳት የለም። ኋላ ስኳር ያለባቸው ሌሎች የዴም ሴቶችም የየራሳቸውን ይዘው ይሄዱ ጀመር።

ሀዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ፌስታል ከመንካቷ በፊት «ጄሪካኑን አሳዪኝ» ትላለች፤ እጅጋየሁም ሳይከፋት ታሳያታለች። የሀዋ የመጨረሻ ምርመራም ነጻ ወጣ።

ያን ዜና ይዛ በመጣች ቀን ሀዋ ልብሱን አስጥታ ከጨረሰች በኋላ መውጫው በር ላይ ቆም አለች።

«ኡም ቤቲ፣ እናቴ ሰሞኑን ውሃ አይጠግባትም። ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ስትነሣ ነው የምታድረው። ከስታብኛለች።»

እጅጋየሁ መለኪያዋንና ያልተነካ የጣት መውጊያ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነጠላዋን ደረበች።

«ያላ» አለች፤ «ለዘሊካ መንገድ ላይ እንደውልላታለን።»