«አይነሱ» ያልናቸው አባባ

አያቴ ጉለሌ ቤታችን ማንም ሲገባ፣ ሕፃን እንኳ ቢሆን፣ «ኖር» ብለው ከሶፋቸው ብድግ ይሉ ነበር። «ተቀምጬ ሰው የምቀበለው ስሞት ነው» ይሉናል።

ልባቸው ደክሟል ሲባል ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ዶክተሩ ኪኒን አዘዘላቸውና፣ «እንቅስቃሴም መድኃኒት ነው፤ ልብ ሲሠራ ይበረታል። በየቀኑ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ለእንግዳ መነሳትዎንም አይተዉ» አላቸው። አባባ ደስ አላቸው።

ቤት ስንደርስ አክስቶቼ፣ «የልብ በሽተኛ እንዴት ይነሳል?» አሉ። እኔም ከዶክተሩ የሰማሁትን ውጬ ከእነሱ ጋር ተስማማሁ። ኪኒኑን ሰዓት ጠብቀን ሰጠናቸው፤ ሁለተኛውን መድኃኒት እኛው ቀማናቸው። ጠያቂ ገብቶ አባባ ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ፣ «አይነሱ» እላለሁ። መጀመሪያ ይቆጡኝ ነበር። በኋላ «ኖር» ማለቱንም ተዉት። በመጨረሻ ለመነሳት ጉልበቱም አልነበራቸውም።

ቢራመዱ ኖሮ ይቆዩልን እንደሆነ አላውቅም። በሕይወት እያሉ ተቀምጠው ሰው እንዲቀበሉ ያደረግኳቸው እኔ መሆኔን ግን አውቃለሁ።

ሶፋው ላይ እስከ ዛሬ ማንም አልተቀመጠም። አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ አይነሱ ስንላቸው የከረምነው ሁላችን ብድግ ብለን ቆምን።