ኡስታው ለእህቴ የገጠመው ጎማ

እህቴን በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። እግሬ ጤነኛ ነው፣ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ ስንሰደድ ከመንደር 8 መጠለያ እስከ ቱነይድባ ካምፕ፣ ከካምፑ እስከ ሱዳኗ ከተማ ገዳሪፍ ያዘልኳትም የገፋኋትም እኔ ነኝ። ቀናሁባት ስል ሰው ዓይኑን የሚያፈጥብኝ ለዚህ ነው። ያፍጥጥ።

ነገሩ የጀመረው በዊልቸሯ ነው። ካምፕ የሰጧት ዊልቸር ጎማው ቀጭን ነው፤ ለሲሚንቶ ወለል እንጂ ለገዳሪፍ ጥቁር አፈር አልተሠራም። እዚህ ኸሪፍ የሚሉት ክረምት ሲገባ መሬቱ ሊጥ ይሆናል። እሷ ሹሩባ ልሥራ ብላ ሰው ቤት ለመሄድ ትወጣለች፣ ጎረቤታችንን ሳታልፍ ትሰምጣለች፣ እኔ የሻይ ዕቃዬን ጥዬ እሮጣለሁ።

ሻይ የምሸጠው አንድ ቶርኖ ቤት በር ላይ ነበር። ባለቤቱ የመተማ ልጅ ነው፤ ብረት ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ የእርሻ ትራክተር ዕቃ ይሠራል። ሱዳኖቹ ባለሙያውን ሁሉ «ኡስታ» ስለሚሉ እኛም ኡስታ አልነው። ዝምተኛ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ብርጭቆ የእሱ ነበር፤ ስኳሩንም የማማስልለት እኔ ነኝ። ሌላው ደንበኛ ለራሱ ያማስላል። ይህን ያስተዋለ መስሎኝ ነበር።

ዊልቸሩን እሱ ዘንድ የወሰድኩት ራሴ ነኝ፣ ምክንያት ፈልጌ። «ወፍራም ጎማ ግጠምልኝ» አልኩት። አገላብጦ አየውና «እሷም ትምጣ፤ ተቀምጣበት ካላየሁ አልለካም» አለኝ። አመጣኋት።

ተንበርክኮ ሲለካ ቁልቁል እያየችው፣ «ኡስታ፣ ትራክተር ልታደርገኝ ነው እንዴ?» አለችው።

«ትራክተር እንዲህ አይስቅም» አላት።

ያን ሁሉ ሻይ ጠጥቶ ለእኔ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶት አያውቅም።

ከገበያ ሁለት ወፍራም የብስክሌት ጎማ ገዛን። ችግሩ፣ ወፍራም ጎማ ሲገባ ጎኑን የወንበሩ ብረት ይፈትገዋል። ስለዚህ በሁለቱ መሃል ጎማውን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ የሚይዝ አጭር የብረት ቱቦ ይገባል፤ ቦኮላ እንለዋለን። ለዊልቸር ተብሎ የተዘጋጀ ቦኮላ ገዳሪፍ ውስጥ የለም። ከአሮጌ የትራክተር ዘንግ ተቆርጦ በልኩ ይወጣል።

ያን ቀን መብራት አልነበረም። ኡስታ ለገዛ ስልኩ እንኳ የማያስነሳውን ጄኔሬተር አስነሳ። ከፋሽጋ እርሻ የመጣ የትራክተር ሾፌር፣ «ያ ኡስታ፣ ሰሊጡን ሳንዘራ ዝናቡ ሊያልፈን ነው!» እያለ ይጮሃል። «ቡክራ» አለው ዞር ሳይል። ነገ ማለቱ ነው።

በዚያ ቶርኖ ቤት የማይታይ ዕቃ አይለሰልስም። ውስጥ የሚደበቅ ብረት የቶርኖው ቢላ እንደተወው፣ ሻካራውን እንደያዘ ይገባል። በር ላይ ተቀምጬ ስንቱን አይቻለሁ። የእህቴን ቦኮላዎች ግን ስለታም ጠርዛቸውን በሞረድ ገደለው፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ከዚያ በጨርቅ።

«ማን ሊያየው ነው?» አልኩት።

«ልብሷን እንዳይዝባት ነው።»

«በጎማና በብረት መሃል ምን ልብስ ይገባል?»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ያዥልኝ» አለና አንገቱን ደፋ።

ያዝኩለት። ብረቱ ከመታሸቱ ብዛት ሞቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ራሷ እየገፋች ጭቃውን ሰንጥቃው ሄደች። እኔ ከኋላ ባዶ እጄን።

«እትዬ፣ እንግዲህ እጅሽን የት ልታደርጊው ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«ዝም በይና ፊትሽን እይ!»

ቤት ስንደርስ ዊልቸሩ በበሩ አልገባ አለ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣበት ልክ ወንበሩ ሰፍቷል። እሷን ጉልበቷ ድረስ የለካው ሰውዬ ቤታችን መጥቶ ስለማያውቅ በራችንን አልለካም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ቦኮላውን ያሳጥረዋ» አልኳት። ካጠረ እንደገና ይፈትጋል፣ የድሮው ቀጭን ጎማ ይመለሳል፣ እንደገና ትሰምጣለች፣ እኔም እንደገና እሮጣለሁ። ገባት መሰል እጇን ዘረጋችልኝ። አዝዬ አስገባኋት፤ ዊልቸሩ ደጅ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ኡስታው መዶሻና መሮ ይዞ እቤታችን ከች አለ። «ቦኮላው አይነካም። የሚሰፋው በሩ ነው።»

ያከራየችን ሱዳናዊት አሮጊት፣ ሀጃዋ፣ ግድግዳዬን ልታፈርሱ ነው ብላ እየጮኸች መጣች። ከድሮው አሳምሬ እመልሰዋለሁ ብሎ በአረብኛ ማለላት። እህቴን አየች፣ እሱን አየች፣ ቁጣዋ ጠፋ።

«በር የምታሰፋው ሙሽራ ልታስገባ ነው ልታስወጣ?» አለችው።

ሳቀ። አይደለም አላለም።

በራችን የኔን ደስታ ይዞ ተናደ። እህቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» እያለች ታዘዋለች፤ እሱም ይታዘዛል። ሲስቅ ድምፁ ቀጭን እንደሆነ ገና ያኔ መስማቴ ነው። ሻይ አፍልቼ አቀረብኩ። ብርጭቆውን ተቀብሎ ለእሷ ሰጣት።

ወጣሁ። ዊልቸሩ ደጅ ቆሟል፤ ተቀመጥኩበትና ገፋሁት። አይፈትግም፣ አይሰምጥም። ሥራው ጥሩ ነው፣ ይርገመውና! በጭቃው መሃል እስከ መንገዱ ዳር ሄድኩ። ከቤት ማንም አልጠራኝም።

በአህያ ውሃ የሚሸጥ የማላውቀው ሽማግሌ ሲያየኝ አህያውን አቁሞ አሳለፈኝ። እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ። በአረብኛ «አላህ ይማርሽ፣ ልጄ» አለኝ።

«አሜን» አልኩት።