ሸምሲያና የሥጋው ቁልፍ

ሸምሲያ ይማም በምርጫ አሸንፋኛለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌሎች ሳያወሩብኝ ልቅደማቸው ብዬ ነው።

የአርብ ገበያ ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው የቤተ ክርስቲያን ኮሌጃችን ሙስሊሞቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ከዘጠኙ ዝም ማለት የማይሆንላት እሷ ብቻ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረች። ተፎካካሪዋ እኔ፣ ዲያቆን እሱባለው ነበርኩ።

የምርጫው ዕለት ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ፤ ግማሹን በግእዝ። እሷ ግን፣ «የሴቶች መኝታ ቤት ውሃ የለውም። ጀሪካን ስንሸከም ክፍል ይረፍድብናል። ሮቶ አስተክላለሁ» ብላ ተቀመጠች። ጭብጨባው ለእኔ ነበር።

ይህን ጊዜ የኮሌጁ ወጥ ቤት ኃላፊ እትዬ ካሣነሽ ከበሩ አጠገብ ተነሡ። የመምረጥ መብት የላቸውም፤ ከመናገር ግን ማን ይከለክላቸዋል።

«ልጆች፣ የፋሲካውን ሥጋ ቁልፍ የሚይዘው ፕሬዚዳንቱ አይደለም ወይ? አምና የበሬው ግማሽ ድስት ሳይገባ ጠፋ። ይቺ ልጅ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ድምፁ ሲቆጠር ሸምሲያ 212፣ እኔ 31። የአምናው ሥጋ እኔን አይመለከትም፤ ሰው ወደ እኔ የሚያየው ያኔ የኅብረቱ ጸሐፊ ስለነበርኩ ብቻ ነው።

አስመራጩ የኔታ ወልደ ሩፋኤል «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» ሲሏት ሸምሲያ እንባዋ መጣ።

«የኔታ፣ እኔ የተወዳደርኩት ለውሃው ነው። ሥጋ ጠባቂ አድርገው ከሆነ የመረጡኝ አልቀበልም። ቁልፉን እትዬ ካሣነሽ ይያዙትና እንደገና ይመረጥ።»

የኔታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «የተመረጠ ሰው እምቢ ሲል ያየሁት ዛሬ ነው» አሉና ምርጫውን አስደገሙት። በአምስት ድምፅ አለፈችኝ። እኔ ለራሴ ነው የመረጥኩት፤ አልዋሽም። ያን ሁሉ ድምፅ መጣሏ ግን አናደደኝ። እኔ ብሆን ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ድምፅ አቅፌ እተኛ ነበር።

ፋሲካ በእትዬ ካሣነሽ ቁልፍ በሰላም አለፈ፤ ሮቶውም ተተከለ። ከዚያ አረፋ ደረሰና ሙስሊሞቹ በግ አረዱ። ሸምሲያ ቁልፍ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

«ዲያቆን፣ እንግዶቻችንን ተቀብለን እስክንመለስ ጥብሱን ጠብቅልን።»

«ከእናንተ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ስምንቱም ይበላሉ፤ አንዱንም አላምን። አንተ የእኛን ሥጋ አትበላም።»

በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሽታው በቁልፍ አይታገድም። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነውና ጾም ነው ብዬ እንኳ መጽናናት አልቻልኩም። ሲመለሱ ሸምሲያ ድስቱን ከፍታ አየች፤ «ለዚህ ሥራ አንተን የመሰለ የለም» አለችኝ።

ሆዴ እየጮኸ ኮራሁ። ወዲያው ግን ከፋኝ። ያ ሁሉ ግእዝ ማንንም አላሳመነም፤ የተፈለግሁት በማልበላው ነገር ነው። ሸምሲያ ያን ዕለት ለምን እንዳለቀሰች የገባኝ ያኔ ነው።

ልዩነታችን እሷ እምቢ ማለቷ ነው። እኔ ለመጪው አረፋም ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥብኝ ነግሬያታለሁ።