የቆረጥኳቸው ሰዓታት

አባቴ ሰው ፊት ለስላሳ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ቱግ ባይ። ይህን ጠንቅቄ ያወቅሁት መኪና መንዳት በተማርኩበት ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም እኔንም፣ የጎረቤታችንንም ልጅ እኩል ያስተማረን እሱ ነው። እኩል ማለቴ እንኳን ለወጉ ያህል ነው።

እንደ ፈረንጆቹ 2008 ገደማ ይሆናል። ወጣት ጀማሪ ለመንጃ ፈተና ከመቅረቡ በፊት መቶ ሃያ ሰዓት መንዳት አለበት የሚለው ሕግ ሜልቦርን ውስጥ ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። መጀመሪያ መኪናው ላይ የጀማሪ ምልክት የሆነው ቢጫው ኤል ይለጠፋል፤ ሙሉ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎን ተቀምጦ እያንዳንዷ ሰዓት ሎግ ቡክ በሚባለው የመንዳት መዝገብ ላይ ትሞላለች፣ እሱም ይፈርማል። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶ ፈተናው ከታለፈ ብቻ መንዳት የሚያስችለው ቀዩ ፒ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ አረንጓዴው።

የጎረቤታችን ልጅ ከእናቷ ጋር ከካይሮ ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አባቷ ሞቷል። ቤታቸው ኮሊንግዉድ ሰፈር በነበርንበት ፎቅ ከበራችን ትይዩ ነበር። አንድ ቀን እናቷ መጥታ፣ “ጋሼ፣ እኔ መኪና የለኝ፣ ፈቃድ የለኝ። ልጅዎን ሲያስተምሩ እግረ መንገድዎን…” ብላ ሳትጨርስ አባቴ አቋረጣት።

“ምን በወጣሽ ትለማመጪኛለሽ! እሷስ ልጄ አይደለችም እንዴ?”

እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። የወለዳት ልጁ እኔ ነበርኩ።

እሑድ እሑድ ከታክሲ ሥራው ሲያርፍ በአሮጌዋ መኪናችን ከከተማው ዳር ክሬጊበርን እንሄዳለን። ገና ሰው ያልገባባቸው አዳዲስ ቤቶች፣ ሰፋፊ ባዶ መንገዶች። አንዳችን ስትነዳ ሌላዋ ከኋላ ትቀመጣለች። እሷ መሪ ስትይዝ፣ “ቀስ በይ የኔ እናት፣ ምንም አይደል” ነው። አንዴ ጠርዙን ወጥታ የሰው ቆሻሻ መጣያ ስትገለብጥ፣ “አይዞሽ፣ ይነሳል” ብሎ ራሱ ወርዶ አነሳው። እኔ አንዴ ፍሬቻ ብረሳ፣ “ዓይንሽ የት ነው? ስንት ጊዜ ልንገርሽ!”

በሌላ ሰው ልጅ ላይ መጮህ ነውር ስለሆነ ነው፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ያንን ድምፅ ስሰማ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እኔን እንደዚያ አናግሮኝ አያውቅም።

አባቴ እንግሊዝኛ መጻፍ አይወድም፤ እሷም ገና አልለመደችም። ስለዚህ ሁለቱንም ሎግ ቡክ እንድሞላ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ሳያነብ ይፈርማል።

ቆረጥኩባት። ሁለት ሰዓት የነዳችውን አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩሉን አርባ ደቂቃ። የኪሎሜትሩንም ቁጥር አብሬ አስተካክላለሁ። ከእሷ የቀነስኩትን በራሴ ላይ እጨምራለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። በሁለት ወር ትበልጠኛለች፤ ቀዩን ፒ ከእኔ ቀድማ እንዳትለጥፍ ነው የፈለግሁት።

አልቀደመችኝም። አሥራ ስምንት በሞላኝ ሰሞን ተፈትኜ አለፍኩ። ብቻዬን ፉትስክሬይ ሰፈር ድረስ ነድቼ ተመለስኩ፤ በየመብራቱ ስቆም ሰው ሁሉ ቀዩን ፒ የሚያይልኝ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ለባብሼ ስጠብቅ አባቴ ቁልፉን አንስቶ ብቻውን ወደ በሩ ሄደ።

“እኔስ?” አልኩት።

“አንቺማ ጨርሰሽ የለ? እሷ ገና አርባ ምናምን ሰዓት ይቀራታል። ከኋላ ተጎልተሽ ምን ትሠሪያለሽ፣ ቤት ሁኚ።”

በመስኮት ቁልቁል አየኋቸው። እሷ መስታወቱን ታስተካክላለች፤ እሱ እጁን እያወናጨፈ የሆነ ነገር ያወራል፤ ትስቃለች። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። የሰረቅኳትን ሰዓት ሁሉ መልሳ የምትነዳው ከአባቴ ጋር ነው። የእኔ የውሸት ሰዓት ደግሞ ከእሱ ጎን ያልተቀመጥኩበት ሰዓት ነው። ለአባቴ እንዳልነግረው ውሸቴ ይወጣል። ስለዚህ ወራት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር ክፍሌን ዘግቼ እበግናለሁ።

እሷም በመጨረሻ ቀዩን ፒ አገኘች። ዓመት አልፎ አረንጓዴውን ስታገኝ፣ መኪናዋ ላይ ቀዩን እየላጠች ሳለ አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር።

“አውቅ ነበር” አለችኝ፣ ቀና ሳትል። “ሰዓት እኮ አስሬያለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ብናገር እሑዱ ቶሎ ያልቅብኛል ብዬ ነው።”

ይቅርታውን ተውኩት። እኔ የራሴን ሰዓት ሳጣድፍ የኖርኩት ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነበር። እንደዚያን ቀን ቀንቼባት አላውቅም።