የበረሃው ሾፌር በለንደን በረዶ

ካሌዶኒያን ሮድ፣ ጎህ ሲቀድ

ዛሬ ስነሳ መንገዱ የለም። ማታ የተውኩት አስፋልት በነጭ ተሸፍኖ የቱ የመኪና፣ የቱ የእግረኛ መንገድ እንደሆነ አይለይም። ለንደንን እንዲህ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም። መስኮቱ ፊት ቆሜ አማተብኩ።

ራዲዮው ባቡርም አውቶቡስም ቆሟል ይላል። ዛሬ ደግሞ መቅረት የማልችልበት ቀን ነው። ሂትሮው ኤርፖርት አብሮኝ የሚሠራው ግርማ፣ ልጁ አርባ ቀኑ ነው፤ የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ። ቤታቸው ከኤርፖርቱ ማዶ፣ ቄሱ ያሉት ደግሞ ሃርልስደን ሰፈር ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን "ቢዘገይ ምናለ?" ይባላል። ሚስቱን ፀዳለን ግን እንዲህ የሚላት ሰው ጨካኝ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ክርስትና ሳይነሳ መንገድ ላይ ነው የሞተባት። "ይሄኛውን ቀኑ አይለፈው፣ አደራ" ብላኛለች።

ያለን የጎረቤቴ የጋሽ ሀብቶም ላንድሮቨር ብቻ ነው። ጋሽ ሀብቶም የአሥመራ ሰው ናቸው። የአንበጣ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎችን ይዘው የአፋርን በረሃ ሲያቋርጡ ኖረው፣ ደርግ "ወታደር ጫን" ሲላቸው ቁልፉን ጥለው ከአገር ወጡ። እዚህም አሮጌ ላንድሮቨር ገዙ፤ ለሳቸው ሌላው መኪና መጫወቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለብርዱ ስናሰናዳት አብሬያቸው ነበርኩ። አዲስ ባትሪ፣ ቀጠን ያለ ዘይት፣ የጎማ ሰንሰለት፣ አካፋ፣ አንድ ጆንያ አሸዋ። የጋራዡ ሰው የራዲያተሩን ፊት በካርቶን ሲሸፍነው ጋሽ ሀብቶም ማመን አቃታቸው።

"አፋር ላይ ንፋስ ፍለጋ ኮፈን ከፍተን ነበር የምንነዳው" አሉኝ። "እዚህ አገር ሞተርም ይበርደዋል።"

አሁን ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲጢጥ ብሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። አጥፍተው ወረዱ። የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍቱ ውስጡ ድንጋይ የመሰለ በረዶ ነው።

"የጋራዡ ሰው ውሃው በብርድ እንዳይረጋ አንቲፍሪዝ አድርጎበት አልነበረም እንዴ?" አልኩ።

ክዳኑን እንደያዙ "ትናንት ለመንገድ ሳዘጋጃት አረንጓዴ ውሃ አየሁ" አሉ። "ሻግቷል ብዬ ደፋሁት። ንጹሕ ውሃ ሞላሁላት።"

በረሃ ላይ ረጅም መንገድ ሲታሰብ የራዲያተር ውሃ ይለወጣል፤ የኖሩበት ሕግ ነው።

"ሞተሩ ተሰንጥቆ ከሆነ የልጁን ቀን የበላሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ይሄኔ የምድር ቤቷ አሮጊት ሚስስ ሊሊ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። እስከ ዛሬ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። እሷን አይተው ሌሎቹ ጎረቤቶችም በራቸውን ከፈቱ። ጋሽ ሀብቶም "የፈላ እንዳይሆን፣ ብረት ይሰነጥቃል፣ ለብ ያለ" እያሉ ይለምናሉ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ውሃ አመላለሱልን። የራዲያተሩ በረዶ ሟሟ። ጋሽ ሀብቶም በረዶው ላይ ተንጋለው ከሥር ሲያዩ ቆዩ።

"አላፈሰሰም" አሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላፈሰሰም።"

ጋራዡ ከመኪናዋ ኋላ የተወልን ትራፊ አረንጓዴ አንቲፍሪዝ ነበር። ያን አጥንት የሚሰብር ብርድ ችሎ ውሃ እንደሆነ ይቀራል። ጋሽ ሀብቶም ጠብታ ሳያባክኑ ቀዱት።

ሃርልስደን፣ ረፋዱ ላይ

ሰንሰለቱ እየተንቋቋ ደረስን። ቄሱ አባ ኪሮስ ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ከሰማዩ አይነቀልም።

"ይሄን ሁሉ ያነጠፈው ማንን ሊቀበልበት ነው?" አሉ ሲሳፈሩ።

ጋሽ ሀብቶም መሪውን እንደያዙ "አባ፣ ዛሬ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ" አሉ።

"ይንዱ እንጂ፤ ንስሐው ይደርሳል።"

ከሂትሮው ማዶ፣ ከቀትር በኋላ

ሂትሮውን ስናልፍ ሰማዩ ባዶ ነው። አንድም አውሮፕላን የለም። ዘወትር ሽንት ቤቱን የማጥበው ያ ሁሉ ጉድ ኤርፖርት ከበረዶው ሥር ጭጭ ብሏል። ሰው የሠራው ሁሉ ሲቆም የጋሽ ሀብቶም አሮጌ መኪና ትሄዳለች። ዳገቱ ላይ ስትንሸራተት ወርደን አሸዋ በተንን፤ ጋሽ ሀብቶም በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ አወጧት።

ፀዳለ ልጇን በነጠላ አቅፋ ደጅ ላይ ቆማለች። ግርማ በረዶውን ከበሩ እስከ መንገዱ ጠርጎታል።

"መጣችሁ" ብቻ አለች።

እንግሊዞቹ ባዋሱን የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አባ ጸሎቱን አድርሰው ልጁን ነከሩት። በመጀመሪያው ዝም አለ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው አዳራሹን በለቅሶ አናጋው። ክንዴ ላይ ሲያስረክቡኝም አላቆመ፤ አባብለው ጀመር።

"አታባብለው" አለችኝ ፀዳለ፣ እንባዋ እየወረደ። "ይጩህ። ያኛውን ልጄን፣ በሱዳኑ መንገድ ወታደር እንዳይሰማብን ብዬ አፉን በእጄ ይዤው ነበር።"

ማንም አላባበለውም። እስኪደክመው አለቀሰ፣ እኛም ቆመን ሰማነው።