ኃላፊው ባሉ ቀን የሚጠፋው ኔትወርክ

አንድ ቦታ ተቀምጬ መቆየት አልችልም። ዛሬም እንደዚያው ነኝ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ግን ይብስብኝ ነበር። ሙቀቱ ራሱ አያስቀምጥም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሸሚዜ ከጀርባዬ ይጣበቃል፣ ወንበሩ ይፋጃል፣ እኔም ሰበብ ፈልጌ ከክፍል ክፍል ስዞር እውላለሁ። ሰበብ ደግሞ አላጣሁም። የመዝገብ ክፍሉ ኮምፒውተር ነበረልኝ።

መሥሪያ ቤታችን የገጠር መሬት ጉዳይ ነበር የሚሠራው። ከቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ገበሬው በእግሩም በአህያም እየመጣ የይዞታ መዝገቡን ያሳያል፣ ስም ያስተካክላል። መዝገቡ ያለው በዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው። የመዝገብ ክፍሉ ኮምፒውተር ከዋናው ጋር ካልተገናኘ ሥራ የለም፤ ባለጉዳይ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውላል። በዚያ ኮምፒውተር የሚሠሩት ሴት እናቴን የሚያህሉ ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በወረቀት መዝገብ ሠርተው፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ሳያንገራግሩ ተምረውታል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሩቅ መሄድ አይችሉም፤ ደግነቱ ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነበር።

«ና እስኪ፣ ዛሬም ጠፋ» ይሉኛል በመስኮት። እሮጣለሁ። ኬብሉን ነቅዬ እሰካለሁ፣ ጫፉን ቆርጬ አዲስ እገጥማለሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ። እምቢ ይላል። በማግስቱ ጠዋት ስናበራው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሠራል። ይኼ ነው የሚያናድደው። ለይቶለት ቢበላሽ ኖሮ ለይቶልኝ እተኛ ነበር። እትዬ በበኩላቸው እኔ ከጠረጴዛው ሥር ስርመጠመጥ አንድ ሰማያዊ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። ተመለስ የተባለውን ባለጉዳይ የሚመዘግቡ ይመስለኝ ነበር።

«ከስክሪኑ ታች ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር ብቅ ትልና ትጠፋለች» አሉኝ አንድ ቀን።

«ይዝጓት እትዬ፣ ምንም አይደለችም» አልኳቸው ቀና ሳልል።

«ደግሞ ልብ ብለህልኛል? የሚጠፋው ኃላፊው ባሉ ቀን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ።»

ይህን የሰማ ሁሉ ሳቀ። ማሽኑም አለቃ ይፈራል ተባለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ወሬው ሻይ ቤት ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ስለዚህ ነገር አልተናገሩም።

ኃላፊው ግን አልሳቁም። ባለጉዳይ ለአቤቱታ በራቸውን ማንኳኳት አብዝቶ ነበር። አንድ ሽርጥ ያገለደሙ አዛውንት ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው፣ «ዛሬም የለም? እንግዲህ አላህ ያግራው» ብለው ሲመለሱ በመስኮት አይተዋል። ሰኞ ዕለት ጠሩኝና ቁርጡን ነገሩኝ። ዓርብ ግምገማ አለ፤ ጥፋቱ የማሽን ከሆነ ማሽኑ ይቀየራል፣ ጥፋቱ የሰው ከሆነ ግን እትዬ ወደ ገጠር ቀበሌ ይመደባሉ፣ እዚያ ሥራው በወረቀት ነው። መንስኤውን አጣርተህ በጽሑፍ አምጣ አሉኝ። ያ ቀበሌ ከመኪና መንገድ ወርዶ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የእትዬ ጉልበት ትዝ አለኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ እንደ እብድ ዞርኩ። ረቡዕ ቀትር ላይ ከእትዬ ራስ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ኬብሎቹ ሁሉ የሚገናኙበትን ስዊች ነካሁት። ያቃጥላል። እትዬ አቧራ እንዳይገባበት ብለው በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አልብሰውት ነበር፤ ቤታቸው ቴሌቪዥኑን እንደሚያለብሱት። አገኘሁት አልኩ። ዳንቴሉን ገፍፌ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፣ እትዬም አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ መንስኤው መሣሪያው በጨርቅ በመሸፈኑ የተፈጠረ ሙቀት፣ የተጠቃሚ ጥንቃቄ ጉድለት። ለኃላፊው ሰጥቼ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። የእትዬ ኮምፒውተር ያለ ዳንቴልም ጠፋ። ወደዚያ ስሮጥ ኃላፊው ከበራቸው ላይ ጠሩኝ፤ መብራት ሲሄድ የጠፋው ፕሪንተር የነገውን የግምገማ ወረቀት አላትም ብሏቸዋል። ላፕቶፓቸውን ከፍቼ የኔትወርክ አድራሻውን አየሁ። በአንድ ኔትወርክ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ቀድሞ የገባው ይሠራል፣ ዘግይቶ የመጣው ይከለከላል። የኃላፊው ላፕቶፕ የያዘው የእትዬን ቁጥር ነበር። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው በርቶ ይቆያል፤ የእትዬ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ቁጥሩ ተይዟል። ያቺ ቢጫ ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ነበር የምትናገረው።

ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ላፕቶፑ የመጣ ዕለት ኃላፊው አጠገቤ ቆመው «ቶሎ በል፣ ስብሰባ አለብኝ» ሲሉኝ፣ የእትዬን ቁጥር እንዳለ ገልብጬ፣ ኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ለመቀየር አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ኃላፊውን ምንም አላልኳቸውም። ከክፍላቸው ወጥቼ ፊት ለፊት ወዳለው መዝገብ ክፍል ገባሁና የእትዬን ኮምፒውተር አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ።

«ምን ነበር?» አሉኝ።

«ትንሽ ነገር ናት እትዬ።»

ዓርብ ግምገማው ላይ ጽሑፌ ተነበበ። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ። የሚሉት እንዳለ ሲጠየቁ የለኝም አሉ። ተራው የእኔ ሲደርስ ተነሳሁ፤ ልናገር አስቤ ነበር የተነሳሁት። «ችግሩ ከትናንት ጀምሮ ተወግዷል» አልኩ።

«ጨርቁ ሲነሳ ማለት ነው?» አሉ ኃላፊው።

አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ፣ ተቀመጥኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቶሎ የተቀመጥኩበት ቀን የለም።

የዝውውር ደብዳቤው ሰኞ ወጣ። እትዬ ዕቃቸውን በአንድ ፌስታል ይዘው ወጡ፤ ባጃጅ እስኪመጣ እኔ ያዝኩላቸው። ልነግራቸው እያሰብኩ ፌስታሉን ከእጅ እጅ አዘዋወርኩ። እሳቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ሰማያዊውን ደብተር ሰጡኝ። «ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅምህ ይሆናል፤ እኔ እዚያ ምን ይሠራልኛል» አሉና እግራቸውን በእጃቸው አንስተው ባጃጁ ውስጥ አስገቡ።

ደብተሩን እዚያው መንገድ ዳር ገለጥኩት። የባለጉዳይ ስም አልነበረም። ኔትወርክ የጠፋበት ቀን ሁሉ በመዝገብ ጽሕፈት ተሰድሯል፤ ኃላፊው መኖር አለመኖራቸው፣ መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓት፣ ቢጫዋ የወጣችበት። እኔ የሳቅሁበት ነገር ሁሉ እዚያ ነበር። ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለልኩ።

«ሐሙስ። ኃላፊው አሉ። መብራት ሄዶ መጣ፣ ጠፋ። ልጁ ከኃላፊው ክፍል ወጥቶ አበራው፣ ሠራ። ቢጫዋን ዛሬ ሳትጠፋ አነበብኳት፤ የኃላፊውና የኔ ቁጥር አንድ ኖሯል። አግኝቶታል።»

ግምገማው ዓርብ ነበር።